ሽቶ ነጃሳን አያነሳም፡- በመኪና ውስጥ ስለሚቀር እድፍና ጠረን

ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



የዛሬው ርዕሳችን ከአንድ የሃይማኖት ዝግጅት የማይጠበቅ ሊመስል ይችላል፤ ስለ መኪና ወንበር ነውና። ነገር ግን የፊቅህ ኪታቦች ከሰላት በፊት የጦሃራን ምዕራፍ ያስቀደሙት ያለ ምክንያት አይደለም። የሰጋጅ አካል፣ ልብስና የሚሰግድበት ቦታ ከነጃሳ የጸዱ መሆን አለባቸው። ከዋጃ ተነስቶ ቆቦ ወይም አላማጣ የሚደርስ ሰው ደግሞ በልብሱ የሚቀመጠው በሰው መኪና ወንበር ላይ ነው።

ለርዕሱ ምክንያት የሆነን በዚሁ መስመር ሚኒባስ የሚያሽከረክሩ አንድ አድማጫችን ያቀረቡልን ጥያቄ ነው። አንድ ሕፃን ወንበሩ ላይ ይሸናል። እናቲቱ አፍራ ሳትናገር ትወርዳለች። ረዳቱ ሲያይ ቦታውን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ሽቶ ይነፋበታል። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሙቀቱ ሲበረታ ጠረኑ ተመልሶ ይመጣል። አንድ አባት በዚያ ወንበር ከተቀመጡ በኋላ «ልብሴ ተነጀሰ፣ ዙህሬን በምን ልሰግድ ነው?» ብለው ይቆጣሉ፤ ተሳፋሪውም ይጨቃጨቃል። የጠያቂያችን ጥያቄ ሦስት ነው፡- ወንበሩ ጦሃራ ሆኗል ወይ? ጠረኑስ እንዴት ይወገዳል? ተሳፋሪውስ ምን ማድረግ አለበት?

ለመጀመሪያው መልሱ አጭር ነው። ወንበሩ ጦሃራ አልሆነም። ሽቶ ጠረንን ይሸፍናል እንጂ ነጃሳን አያነሳም። ለሌሎቹ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያስፈልጋል።

ቆሻሻ ሁሉ ነጃሳ አይደለም

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ነጃሳ የሚባለው ሸሪዓው ነጃሳ ያለው ነው። የሰው ሽንትና ዓይነ ምድር፣ የፈሰሰ ደም፣ በብዙኃኑ ዑለማዎች ዘንድም ትውከትና አስካሪ መጠጥ ከዚህ ይመደባሉ። በሌላ በኩል ወተት፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ላብ፣ ሽንኩርት፣ ሂና፣ ጭቃ፣ የሞተር ዘይት ቢያቆሽሹም ነጃሳ አይደሉም። የፍየልና የበግ ሽንትና ፋንድያ ዑለማዎች የተለያዩበት ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ነጃሳ ሲሆን፣ በማሊኪና በሐንበሊ መዝሀብ ሥጋው ከሚበላ እንስሳ የወጣ በመሆኑ ንጹሕ ነው።

ይህ ማለት ግን ነጃሳ ያልሆነ ክርፋት ይተው ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት የበላ ሰው ከመስጂድ እንዲርቅ ማዘዛቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሽንኩርት ሐላል ምግብ ነው፤ ምክንያቱ ጠረኑ ሌላውን ማስቸገሩ ነው። አሥራ ሁለት ሰው ተጠጋግቶ የሚቀመጥበት ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ሥር የበሰበሰ ቲማቲም፣ የፈሰሰ ወተትና የከረመ የጫት ገረባ የሚያስከትለው አዛ ከዚህ አያንስም። ተሳፋሪው ሒሳቡን ከፍሏል፤ ንጹሕ አየር ሐቁ ነው።

መጀመሪያ ዐይኑ ይነሳ

የፊቅህ ሊቃውንት «ዐይን» የሚሉት ራሱን የነጃሳውን አካል ነው። ዐይኑ ሳይነሳ ስለ ቀለሙና ስለ ጠረኑ መነጋገር ትርጉም የለውም። የአቡበክር ልጅ አስማእ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ አንዲት ሴት ልብሷን ስለነካው የወር አበባ ደም ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቃ ነበር። መልሳቸው በቅደም ተከተል የተቀመጠ ነው፡- መጀመሪያ ትፋቀው፣ ቀጥላ በጣቶቿ ጫፍ በውሃ ትሸው፣ በመጨረሻ ውሃ አፍስሳ ታለቅልቀው፤ ከዚያ ትስገድበት።

ይህንን ቅደም ተከተል ልብ በሉ። ዛሬ በሙያው ላይ ያሉ የመኪና አጣቢዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። ደረቁ ይፋቃል፣ እድፉ በውሃ ይለቀቃል፣ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ይለቀለቃል። ፍቆ ሳያነሱ ውሃ ማፍሰስ እድፉን ወደ ስፖንጁ ይገፋዋል። ሳያለቀልቁ መተው ደግሞ እድፉንና ሳሙናውን አብሮ ያስቀራል።

የሽንት ጠረን ለምን ተመልሶ ይመጣል? ሽንት ሲደርቅ ውሃው ይተናል እንጂ ዩሪያውና የዩሪክ አሲድ ጨዉ በስፖንጁ ውስጥ ይቀራል። ዩሪያውን ረቂቅ ተሕዋስያን ሲያብላሉት አፍንጫ የሚቆረቁረው አሞንያ ይወጣል። በቦታው ላይ ላብ ወይም እርጥበት ባረፈ ቁጥር ሥራው እንደገና ይጀመራል። የራያ ቆላ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊያልፍ ይችላል፤ ሙቀት ሲጨምር የሚተነውም ጠረን ይጨምራል። ሽቶው በሰዓታት ውስጥ ተኖ ያልቃል። ጨዉ ግን ከወራት በኋላም እዚያው ነው።

ስፖንጅ ያለው ወንበር አስተጣጠብ

አንደኛ፡- በሮቹን ሁሉ ክፈቱ። ደረቅ ወይም ወፍራም የሆነውን (ትውከት፣ ፋንድያ) በማንኪያ ጀርባ ወይም በካርቶን አንሱ። ፈሳሽ ከሆነ ንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ምጠጡት። አትፈትጉት፤ ከዳር ወደ መሐል ሥሩ፤ አለበለዚያ ይሰፋል።

ሁለተኛ፡- ለሽንት፣ ለደም፣ ለወተትና ለትውከት ቀዝቃዛ ውሃ ተጠቀሙ። ሙቅ ውሃ በውስጣቸው ያለውን ፕሮቲን አብስሎ ከጨርቁ ጋር ያጣብቀዋል።

ሦስተኛ፡- ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አረፋ አድርጋችሁ በለስላሳ ብሩሽ እሹ። ወንበሩን የሚያረጥበው አረፋው ይሁን። እናቶቻችን ለነጠላና ለጋቢ የሚጠቀሙበት እንዶድም ለጨርቅ የማይከፋ ሳሙና ነው፤ ፍሬው አረፋ የሚሰጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ይኸው እንዶድ ነው እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ የቢልሃርዝያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል የደረሱበት። ወደ ዓይንና ወደ አፍ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ይገባል።

አራተኛ፡- ለከረመ የሽንት ጠረን ነጭ ኮምጣጤ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅላችሁ ቦታውን አርሱ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ በጨርቅ ይመጠጥ። ኮምጣጤ አሲድ ስለሆነ አሞንያውን ያከሽፈዋል። ቀለም እንዳይለቅ አስቀድማችሁ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። በከተሞች የሚሸጡ ኢንዛይም ያለባቸው ማጽጃዎች ደግሞ የዩሪክ አሲዱን ራሱን ስለሚያፈርሱ ከኮምጣጤ የበለጠ ይሠራሉ።

አምስተኛ፡- በመጨረሻ ንጹሕ ውሃ አፍስሱበት፤ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ አውጡት፤ ይህንን ሦስት ጊዜ ድገሙ። የሸሪዓው ጦሃራ የሚረጋገጠው እዚህ ላይ ነው። በአካባቢያችን የሻፊዒም የሐነፊም መዝሀብ ተከታዮች ስላሉ ሁለቱንም እንጥቀስ። በሻፊዒ መዝሀብ ነጃሳን የሚያነሳው ውሃ ብቻ ነው፤ ሳሙናና ኮምጣጤ አጋዥ ናቸው። ዐይኑ ከተነሳ በኋላ ሽንቱ የደረሰበትን ሁሉ የሚያዳርስ ውሃ ማፍሰስ ይበቃል፤ መጭመቅም ግዴታ አይደለም። በሐነፊ መዝሀብ እንደ ኮምጣጤ ያለ እድፍ የሚያነሳ ንጹሕ ፈሳሽም ነጃሳን ያስወግዳል። የማይጨመቅ ነገር ግን ሦስት ጊዜ ታጥቦ በየመካከሉ ጠብታው እስኪቆም ይጠበቃል። በንጹሕ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቦ ጠብታው እስኪቆም እየጠበቀ የመጠጠ ሰው ሁለቱንም አሟልቷል።

ስድስተኛ፡- ወንበሩ ገና ጤዛ ያህል እርጥበት እያለው የመጋገሪያ ሶዳ በተኑበት፤ አሳድራችሁ ጠዋት በብሩሽ አራግፉት። ከዚያም ነፋስ ላይ ይድረቅ። በብሎን የሚፈታ ወንበር ከሆነ አውጥቶ ማድረቅ የተሻለ ነው። በአዳዲስ የቤት መኪናዎች ግን ከወንበሩ ሥር የኤርባግ ሽቦ ስለሚኖር ያለ ባለሙያ አይነካም። ሞኬቱንም ገልጣችሁ እዩ፤ ከሥሩ ውሃ ታቁሮ ከቀረ ሻጋታ ያወጣል፣ ላሜራውንም ያዝገዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም። «ፀሐይ ስላደረቀው ጠርቷል» የሚሉ ሾፌሮች አሉ። ይህ በሐነፊ መዝሀብ ስለ መሬት የተባለ ነው፤ ነጃሳ የነካው መሬት ደርቆ ምልክቱ ሲጠፋ ይጠራል ይላሉ። ጨርቅና ስፖንጅ ግን በእነርሱም ዘንድ በመድረቅ ብቻ አይጠራም።

ለየእድፉ የራሱ መላ

ነጃሳ ያልሆኑት እድፎች ላይ የጦሃራ ጥያቄ የለም፤ ሆኖም አያያዛቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ቅቤ፡- የወንበር መደገፊያ ላይ ከፀጉር የሚቀር ቅቤ በውሃ ብቻ አይለቅም። ዱቄት ነስንሶ አሳድሮ ማራገፍ፣ ቀጥሎ በለብ ያለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማሸት ነው። ለስብ ለብ ያለ ውሃ፣ ለደምና ለወተት ቀዝቃዛ መሆኑን አትርሱ።

ቡናና ሻይ፡- ወዲያው በውሃ፣ ከዚያ ኮምጣጤና ሳሙና በተቀላቀለበት ውሃ ይለቃል።

ጭቃ፡- እርጥቡን አትንኩት። ይድረቅና በብሩሽ ይራገፍ፤ የቀረው በሳሙና ይታጠባል።

ማስቲካ፡- በረዶ በፌስታል አድርጎ ላዩ ላይ መያዝ፤ ሲደርቅ ተፍቆ ይነሳል።

ሂና፡- ሳይደርቅ ካልታጠበ ቀለሙ ብዙ ጊዜ አይለቅም። ነገር ግን ንጹሕ ነገር ነው፤ ለሰላት አያሳስብም።

ወተት፡- የተጠራቀመው ስፖንጁ ውስጥ ይኮመጥጣል። በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና ደጋግሞ ማጠብና መምጠጥ እንጂ ሌላ መላ የለውም።

የሲጋራ ጠረን፡- ጭሱ በጣሪያው፣ በመስታወቱና በዳሽቦርዱ ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ወንበር ብቻ በማጠብ አይለቅም። ሁሉም በሳሙና ውሃ መወልወል አለበት። ያልተቀጣጠለ ከሰል በጎድጓዳ ዕቃ አድርጎ ማሳደር የቀረውን ጠረን ይቀንሳል።

ሕይወት የሚያጠፉ ስሕተቶች

ይህንን ክፍል በተለይ ረዳቶችና ላቫጆ ላይ የሚሠሩ ወጣቶች እንድታስተውሉልን እንጠይቃለን።

በረኪናን ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። በረኪናን ሽንት ባለበት ወንበር ላይም አታፍስሱ፤ ከአሞንያው ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። እንደ መኪና ባለ ጠባብ ቦታ አደጋው እጥፍ ነው።

የግራሶ እድፍ ለማስለቀቅ በቤንዚን አትጠቀሙ። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች።

ጠረን ለማጥፋት በተዘጋ መኪና ውስጥ በፍም ላይ ዕጣን ወይም ቡኹር አታጭሱ። ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጠረን የለውም፤ ሰውን ሳያውቀው ይገድላል።

አንዳንድ ጠረን ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። የነዳጅ ጠረን ከመጣ የሚፈስ ነገር አለ ማለት ነው። የጭስ ጠረን ወደ ውስጥ ከገባ ማርሚታው ተቀዷል ወይም ወለሉ ተበስቷል። መኪናው ቆሞ መካኒክ ይየው። በዚህ ላይ ሽቶ መንፋት ተሳፋሪውን ማስጠንቀቂያውን መንፈግ ነው።

ከሁሉ የከፋው የፀረ-ተባይ መድኃኒት ነው። በራያ ቆላ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ስለሚለማ መድኃኒቱ ከሰውና ከእህል ጋር ተጭኖ ሲሄድ ይታያል። እንደ ማላታዮን ያሉት በቆዳም ወደ ሰውነት ይገባሉ። ወንበር ላይ ከፈሰሰ በባዶ እጅ አይነካም፤ የጠጣው ስፖንጅ ወጥቶ ይወገድ እንጂ አይታጠብም። የነካው እህል አይበላም። የነካው ሰው ልብሱን አውልቆ ገላውን በብዙ ውሃና በሳሙና ይታጠብ። ካላበው፣ ምራቁ ከበዛ ወይም ትንፋሽ ካጠረው በፍጥነት ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓው ዋና ዓላማዎች አንዱ ነው።

የቀረ ምልክትና የተሳፋሪው ጥርጣሬ

በደንብ ታጥቦ ቀለም ቢቀርስ? ኸውለህ ቢንት የሳር (ረ.ዐ) ከአንድ ልብስ በቀር እንደሌላት ገልጻ፣ ከታጠበ በኋላ ስለሚቀር የደም ምልክት ስትጠይቅ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውሃው እንደሚበቃትና ምልክቱ እንደማይጎዳት እንደነገሯት አቡዳውድ ዘግበዋል። በሰነዱ ላይ ሙሐዲሶች ቢነጋገሩም ፉቀሃዎች ትርጉሙን ሠርተውበታል። ለማስለቀቅ ተጥሮ ቀለሙ ብቻ ወይም ጠረኑ ብቻ ቢቀር ይቅር የተባለ ነው። በሻፊዒ መዝሀብ ግን ቀለሙና ጠረኑ አንድ ላይ በአንድ ቦታ ከቀሩ ዐይኑ አለመነሳቱን ያመለክታሉ፤ ማስለቀቅ የማይቻል ካልሆነ በቀር እንደገና ይታጠባል።

ተሳፋሪውን በተመለከተ፣ እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይሻርም። የማያውቁት ወንበር መሠረቱ ንጹሕ ነው፤ «ማን ሸንቶበት ይሆን?» እያሉ መመርመር አይጠበቅም። በሙወጠእ እንደተዘገበው ዑመር (ረ.ዐ) ከዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) ጋር በጉዞ ላይ ሳሉ ከአንድ ውሃ ዘንድ ደረሱ። ዐምር ባለቤቱን አራዊት ይጠጡበት እንደሆነ ሲጠይቁት፣ ዑመር ባለቤቱ እንዳይነግራቸው ከለከሉ። የታወቀ ነጃሳ ቢሆን እንኳ ወንበሩም ልብሱም ደረቅ ከሆኑ አይተላለፍም። ጥያቄ ያስነሱት አባት ልብስና ወንበሩ ደርቀው ከነበረ ሰላታቸው ችግር የለበትም። በላብ ወይም በሌላ እርጥበት ወንበሩ ልብሳቸውን ነክቶ ከነበረ ግን የነካው ቦታ ይታጠባል፤ ልብሱን ሁሉ ማጠብ አያስፈልግም።

የሁላችንም አማና

ሕፃን አዝላ የተሳፈረችው እናት ለምን ዝም ብላ ወረደች? ስድብ ፈርታ ነው። አንድ የገጠር ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ሲሸና ሰሐቦች ሊያቋርጡት ተነሱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዲጨርስ አድርገው በቦታው ላይ አንድ ባልዲ ውሃ እንዲፈስበት አዘዙ፤ ሰውየውንም በለሰለሰ ቃል አስተማሩት። በመስጂድ የታየ ይህ ርኅራኄ በሚኒባስ ውስጥ ሊከብደን አይገባም። ሾፌሩ ካልተቆጣ እናቲቱ ትናገራለች። ወዲያው ከተናገረች ደግሞ አንድ ጄሪካን ውሃና ሁለት ደረቅ ጨርቅ ይበቃሉ፤ ከሳምንት በኋላ የሚመጣው ችግር ግን ከዚህ ይከብዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ መኪና ውሃ፣ ጨርቅ፣ ሳሙናና ለሚያስመልሰው ሰው የሚሆን ፌስታል ይያዝ። ተሳፋሪውም ያፈሰሰውን አይደብቅ።

መኪናውን ለሚሸጥ ሰውም አንድ ቃል አለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ውስጥ ከአንድ የእህል ክምር እጃቸውን አስገብተው ከሥሩ እርጥበት እንዳገኙ፣ ባለቤቱም ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው ሰው እንዲያየው ከላይ ለምን እንዳላደረገው እንደጠየቁት፣ አታላይ ከእርሳቸው እንዳልሆነም እንደተናገሩ ሙስሊም ዘግበዋል። ጎርፍ የገባበትን ወይም ሞኬቱ ሥር የሻገተን መኪና ሽቶ ነፍቶ መሸጥ ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ገዢው እንዲያውቀው ይነገረው፤ በረካው በእውነቱ ውስጥ ነው።

በአጠቃላይ፣ ሸሪዓውና ሙያው አንድ ነገር ይነግሩናል። የተደበቀ ነገር አልጸዳም፤ ዐይኑን አንስቶ፣ በውሃ አጥቦ፣ ከአቅም በላይ የቀረውን ለአላህ ይቅርታ መተው ነው።

አላህ (ሱ.ወ) አካላችንን፣ ልብሳችንንና ልባችንን ያጥራልን፤ መንገደኞቻችንን በሰላም ያድርስልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።